የሞት ፍርሃትና የኦሞ ሕፃናት



በደቡብ ኦሞ፣ ከጂንካ ከተማ ወደ ኦሞ ወንዝ ሲወርዱ ዱስ የምትባል የካራ ብሔረሰብ መንደር ትገኛለች። ካራዎች በወንዙ ምሥራቃዊ ዳርቻ የሚኖሩ፣ የውኃው ሙላት ሲጎድል በዳርቻው ማሽላ ይዘሩ የነበሩ፣ በቁጥር እጅግ አነስተኛ የሆኑ ወገኖቻችን ናቸው። እነርሱን የሚመለከት አንድ ዘጋቢ ፊልም እ.ኤ.አ. በ2015 ለእይታ በቅቷል። ርእሱ በአማርኛ «የኦሞ ልጅ፤ ወንዙና ጫካው» እንደ ማለት ሲሆን፣ ያዘጋጀው አሜሪካዊው ፎቶግራፍ አንሺ ጆን ሮው ነው። ከታላላቅ የፊልም ድርጅቶች ውጭ የተሠራው ይህ ፊልም ሕፃናት ስለሚሞቱበት አንድ ልማድና ያንን ልማድ ለማስቀረት ስለተነሣው የካራ ተወላጅ ስለ ላሌ ላቡኮ ይተርካል።

ልማዱ «ሚንጊ» ይባላል። የላይኛው ጥርሱ ከታችኛው ቀድሞ የበቀለ ሕፃን፣ መንታ ሆነው የተወለዱ ልጆች፣ ከጋብቻ ውጭ የተፀነሰ፣ እንዲሁም ወላጆቹ የሽማግሌዎችን ምርቃትና ሥርዐት ሳያገኙ የወለዱት ሕፃን ሚንጊ ተብሎ ይፈረጅ ነበር። እንዲህ ያለ ልጅ በሕይወት ቢቆይ ዝናብ ይቀራል፣ ረኀብና በሽታ በሕዝቡ ላይ ይመጣል ተብሎ ይታመን ስለነበር፣ ሕፃኑ ወደ ወንዝ ይጣላል ወይም በጫካ ይተዋል። የፊልሙ ርእስ ወንዙንና ጫካውን የሚጠራው ስለዚህ ነው። ላሌ ሁለት ታላላቅ እኅቶቹ በዚሁ ምክንያት እንደ ተገደሉ የሰማው በ15 ዓመቱ ነበር።

ይህን ፊልም በሚያዩና ታሪኩን በሚሰሙ ሰዎች ዘንድ የሚነሣው ስሜት አንድ ዓይነት አይደለም። አንዳንዱ ያለቅሳል፤ የላሌንም ድፍረት ያደንቃል። ሌላው «አረመኔነት ነው» ብሎ ይፈርዳል። «ገመናችንን ለባዕድ ካሜራ ለምን እንገልጣለን?» ብሎ የሚቆጣም አለ። ይህ የመጨረሻው ቅሬታ ከባዶ የተነሣ አይደለም። የኦሞ ሸለቆ ሰዎች ገላቸውን በኖራ አስጊጠው የሚታዩባቸው ሥዕሎች በዓለም ዙሪያ ሲዞሩ ኖረዋል፤ ሰዎቹ ግን ስለ ራሳቸው ሲናገሩ የሚሰማው ጥቂት ነው። ሆኖም በዚህ ፊልም የካራ ሽማግሌዎችና ልጆቻቸውን ያጡ እናቶች በገዛ አንደበታቸው ይናገራሉ። የእናት ኀዘን ደግሞ ገመና ተብሎ ሊሸፈን አይገባውም።

ከፍርድም ከእፍረትም አልፈን ስንመለከት በዚህ ልማድ ሥር የምናገኘው የሞትን ፍርሃት ነው። ሽማግሌዎቹ ሕፃኑን ጠልተው አልነበረም፤ አንዱ ካልሞተ ሁላችን እናልቃለን ብለው ፈርተው ነበር። ዝናብ ሲቀር ማሳው በሚደርቅበት፣ ወረርሽኝ ሲገባ ትንሹ ሕዝብ ፈጽሞ ሊጠፋ በሚችልበት ምድር ይህ ፍርሃት ጽኑ ነው። ቅዱስ ጳውሎስ በዕብራውያን መልእክቱ (2፥14-15) ጌታችን ሥጋን የለበሰበትን ምክንያት ሲያስረዳ፣ በሞት ላይ ሥልጣን የነበረውን ዲያብሎስን በሞቱ ይሽር ዘንድ፣ ሞትን በመፍራት ዕድሜያቸውን ሁሉ በባርነት የኖሩትንም ነጻ ያወጣ ዘንድ እንደ ሆነ ያስተምረናል። ሞትን የሚፈራ ሰው ራሱን ለማዳን ደካማውን አሳልፎ ይሰጣል። ሄሮድስም የቤተ ልሔምን ሕፃናት ያስፈጀው መንግሥቴን አጣለሁ ብሎ ስለ ፈራ ነበር። ቤተ ክርስቲያናችን እነዚያን ሕፃናት ጥር 3 ቀን በስንክሳር ታስባቸዋለች።

በሕፃን አካል ላይ የሚታይ ምልክት የመርገም ማስረጃ ነውን? ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው፣ ኃጢአት የሠራው እርሱ ነው ወይስ ወላጆቹ ብለው በጠየቁ ጊዜ (ዮሐ. 9፥1-3)፣ ጌታችን እርሱም ወላጆቹም በዚያ ምክንያት እንዳልሆነ ነገራቸው፤ የእግዚአብሔር ሥራ እንዲገለጥበት መሆኑንም ጨመረ። የጥርስ አበቃቀል፣ መንታነት ወይም የወላጆች በደል ሕፃኑን እርጉም አያደርገውም። ቤተ ክርስቲያን ወንዱን በ40፣ ሴቷን በ80 ቀን ስታጠምቅ የልደቱን ሁኔታ መርምራ አታባርርም፤ ለሞት የሚያሰጋ ሕመም ካገኘውም ቀኑ ሳይደርስ ታጠምቀዋለች።

ፊልሙ ሌላም ትምህርት አለው። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የአገራችን የወንጀል ሕግ ሕፃን መግደልን ይቀጣል፤ ነገር ግን ልማዱ በሕጉ መኖር ብቻ አልቆመም። ላሌ በመጀመሪያ እንደ እርሱ ያሉትን ወጣቶች፣ ቀጥሎም ሽማግሌዎችን በገዛ ቋንቋቸው እየለመነ አስረዳ፤ «ልጆቹን ከመንደሩ አውጥተን እናሳድጋቸው» ብሎም አማራጭ አቀረበ። ከ30 በላይ ሕፃናት በጂንካ በተከፈተ ቤት ማደግ ጀመሩ። ሕፃናቱ በሕይወት ሳሉ ሰማይ አለመዘጋቱን ያዩት የካራ ሽማግሌዎች በ2004 ዓ.ም. ሚንጊ እንዲቀር ወሰኑ። ይሁን እንጂ ይህ ውሳኔ የካራ ነው፤ ልማዱን የሚጋሩት ሐመርና በና የየራሳቸው ሽማግሌዎች አሏቸው። ለስብከተ ወንጌል ወደ ደቡብ ኦሞ የሚሄዱ አገልጋዮቻችን ከዚህ የሚማሩት አለ፤ የሕዝቡን ቋንቋ ማወቅ፣ ሽማግሌን ማክበር፣ ከተግሣጽ አስቀድሞ የሕፃኑን ማደጊያ ማዘጋጀት ይገባል።

ምእመናን ሆይ፣ በሩቅ ሰዎች ላይ ከመፍረዳችን በፊት ወደ ራሳችን ቤት እንመልከት። በከተሞቻችን ከጋብቻ ውጭ የወለደች እኅት የሰውን አፍ ፈርታ ልጇን በመንገድ ዳር የምትጥልበት ጊዜ አለ። የአእምሮ ወይም የአካል ጉዳት ያለበትን ልጅ «የኃጢአታችን ቅጣት ነው» ብሎ በጓዳ የሚደብቅ፣ ቤተ ክርስቲያን ለማምጣት የሚያፍር ክርስቲያን ቤተሰብም አለ። እነዚህ ወንዝና ጫካ ባይባሉም ሥራቸው ያው ነው። ስለዚህ ለተቸገረችው እናት ከነቀፋ አስቀድመን እጃችንን እንዘርጋ፤ የተደበቀውን ልጅ ወደ ጥምቀቱና ወደ ቅዱስ ቁርባኑ እናምጣው፤ ክርስትና አባትና እናት የሆንንም አደራችንን እናስብ። ሞትን በሞቱ የሻረ አምላክ ሳለን፣ ከሞት ለማምለጥ ብለን አንድ ሕፃን እንኳ አሳልፈን አንስጥ።