የእንጦጦ ድኩላና የሥጋው መደብ

ከየካ በኩል ወደ እንጦጦ የሚወጣ መንገደኛ፣ ጎህ ሲቀድ፣ ጤዛው ከቀጋውና ከአጋሙ ላይ ሳይረግፍ፣ ዐይኑን ወደ መሬት ዝቅ ቢያደርግ፣ በመንገዱ ዳር እንደ ኖራ የነጣ የጅብ ኩስ ያገኛል። ንጣቱ ከአጥንት የመጣ ነው፤ ጅብ ሌላው አውሬ ትቶት የሚሄደውን አጥንት በመንጋጋው ፈጭቶ ስለሚውጠው፣ በሆዱ ውስጥ ያልሟሟው ማዕድን ከኩሱ ጋር ወጥቶ በፀሐይ ይደርቃል። ኩሱን በእንጨት ሰንጥቆ ለተመለከተው ደግሞ ያልተፈጨ ጠጉር ይገኝበታል፤ ሊቃውንትም ያንን ጠጉር በአጉሊ መነጽር እየመረመሩ ጅቡ ማንን እንደበላ ይለያሉ። በዱር ውስጥ የእንስሳትን ቍጥር የሚወስን፣ ሥጋቸውንም የሚያከፋፍል ባለሥልጣን ቢኖር ይህ አውሬ ነውና፣ ስለ እንስሳተ ገዳም መብዛት የሚጽፍ ሰው ከእርሱ ቢጀምር የተገባ ነው።

እንስሳተ ገዳም በዙ የሚባለው የሚበላው አፍ ከሚያቈጠቍጠው ቅጠል ሲበልጥ ነው። ለዚህ ዓለም በሰፊው የሚጠቅሰው፣ ኤልክ የተባለውን፣ ወንዱ ከ300 ኪሎ ግራም በላይ የሚመዝነውን፣ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ የተንሰራፋ ቀንዱንም በየዓመቱ ጥሎ በየዓመቱ የሚያበቅለውን የሰሜን አሜሪካ ታላቅ ዋላ ነው። በየሎውስቶን ፓርክ ተኵላው በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. ተገድሎ ካለቀ በኋላ፣ የሚያባርረው ያጣው ኤልክ የወንዝ ዳሩን የአኻያ ቀንበጥ ገና ሳይጠና እየቀነጠበ አላሳድግ ስላለው፣ ተኵላውን በ1995 እ.ኤ.አ. ከካናዳ አምጥተው መልሰው እስከመልቀቅ ደርሰዋል። ሒሳቡ ቀላልና አስደንጋጭ ነው፤ መቶ ራስ መንጋ በዓመት 20 በመቶ እየጨመረ ቢሄድ በ4 ዓመት ከ200 ያልፋል። በሰሜን ዳኮታ ባለው በቴዎዶር ሩዝቬልት ፓርክ በ1985 እ.ኤ.አ. የተለቀቁት 47 ኤልኮች፣ ሁለት ጊዜ ብዙዎቹ ተይዘው ወደ ሌላ ስፍራ ቢጋዙም፣ በ25 ዓመት ውስጥ ወደ ሺህ ተጠግተዋል። በሽታ እንዳይዛመት ተፈርቶ ማጋዙ ሲቆም፣ የቀረው መንገድ ጥይት ሆነ።

በሽታው እንደ ሌላው በተሕዋስያን የሚመጣ አይደለም፤ ቅርጹ የተጣመመ ፕሮቲን ጤናማውን ፕሮቲን ወደ ራሱ መልክ እየለወጠ፣ አንጎልን በስቶ በስቶ እንስሳውን አክስቶ የሚገድል ሲሆን፣ ሥጋውን መቀቀልም አያጠፋውም። ስለዚህ በኮሎራዶ በሮኪ ማውንቴን ፓርክ ኤልኩ ሲቀነስ፣ የተገደለው ሁሉ እየተመረመረ፣ ነጻ የሆነው ሥጋ ብቻ፣ ስማቸውን ላስመዘገቡ ሰዎች በዕጣ ታደለ።

በዕጣ ማደሉ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ለፋሲካ ወይም ለመስቀል በሬ በጋራ ገዝተው ቅርጫ የሚገቡ ጎረቤቶች፣ ሽንጡም ዳቢቱም ጎድኑም ጉበቱም ለየመደቡ እኩል እንዲደርስ እያስተካከሉ በቅጠል ላይ ከደረደሩ በኋላ፣ አድልዎ እንዳይኖር ዕጣ ይጣጣላሉ። በእኔ እምነት ሥጋን በፍትሕ ስለማካፈል ከማንም የምንማረው ብዙ የለም። የሚለየን ከቢላዋው በፊት ያለው ሥርዓት ነው። ድኩላና ሚዳቋ ሰኰናቸው የተሰነጠቀና የሚያመሰኩ በመሆናቸው በኦሪት ሕግ ከንጹሓን ይቈጠራሉ፤ ነገር ግን ክርስቲያኑ በስመ ሥላሴ ተባርኮ ያልታረደውን፣ ሙስሊሙም የአላህ ስም ያልተጠራበትን አይቀምስም፤ ከሩቅ በጥይት ወድቆ ቢላዋ ሳይደርስለት ነፍሱ የወጣች እንስሳ በአገራችን አነጋገር ብክት ነው። በዚህ ላይ የኦርቶዶክስ ምእመን በዓመት 180 ቀን ያህል ስለሚጾም፣ የቅነሳው ወራት በዐቢይ ጾም ላይ ቢወድቅ ሥጋው ተቀባይ ያጣል።

የጾሙ ነገር እስከ ጅብ ይደርሳል ብል አንባቢን ያስገርም ይሆናል። በሰሜን ኢትዮጵያ ተመራማሪዎች ከዐቢይ ጾም በፊት፣ በጾሙ ጊዜና ከጾሙ በኋላ የጅብ ኩስ ሰብስበው ጠጉሩን ሲመረምሩ፣ የቄራ ትርፍ በሚጠፋበት በ55ቱ ቀን የአህያ ጠጉር ከ15 በመቶ ገደማ ወደ 33 በመቶ ገደማ ማሻቀቡን አግኝተዋል። ሰው ሥጋ ሲተው ጅቡ ወደ አህያ ይዞራል፤ ከትንሣኤ በኋላም ቍጥሩ መልሶ ወርዷል።

እንግዲህ በእንጦጦ ድኩላ በዝቷልን? አልበዛም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1870ዎቹ ዓ.ም. በዚህ ተራራ ላይ በከተሙ ጊዜ የነበረው ጥድና ወይራ ለማገዶና ለቤት ሥራ ተጨፍጭፎ ሲያልቅ፣ ከአውስትራሊያ መጥቶ የተተከለው ባሕር ዛፍ ከተማይቱን ከማገዶ ችግር ቢያድናትም፣ ከሥሩ ቍጥቋጦ እምብዛም አያስበቅልምና ቀንበጥ በሊታ ለሆነው ድኩላ ገበታው ባዶ ነው። በንጉሠ ነገሥቱ ስም የምኒልክ ድኩላ የተባለው፣ ወንዱ ወደ ጥቁር የሚያደላው ይህ ፍጥረት፣ እንደ ኤልክ በመንጋ አይሰማራም፤ ብቻውን በጥሻ ተሸሽጎ ይውላል፤ ሴቲቱም በአንድ ጊዜ አንድ ግልገል ብቻ ወልዳ በሣር ውስጥ ትሸሽጋለች። በመስከረም 2013 ዓ.ም. የተከፈተው፣ 1,300 ሄክታር ያህል ስፋት ያለው ፓርክ፣ አገር በቀሉን ኮሶና ጥድ በባሕር ዛፉ ቦታ እየተካ ከሄደ ግን ቅጠሉ ይበረክታል፤ በዚያን ጊዜ ጅቡን ካባረርነው የየሎውስቶን ታሪክ በትንሹ ሊደገም ይችላል።

ያለ ቈጠራና ያለ ሕግ መግደል የሚያመጣውን ባሌ አይቷል፤ በ1983 ዓ.ም. በመንግሥት ለውጥ ሁከት በዲንሾና በጋይሳይ የነበረው የደጋ አጋዘን፣ በምድር ላይ ከኢትዮጵያ በቀር የማይገኘው፣ ጥቂት ብቻ እስኪቀር ተፈጅቶ ለማገገም ብዙ ዓመት ፈጅቶበታል። የዱር እንስሳት አዋጅ ቍጥር 541/1999 ያለ ፈቃድ ማደንን የሚከለክለውም በከንቱ አይደለም።

ስለዚህ ወደ እንጦጦ የምትወጣ አንባቢ ሆይ፣ ውሻህን አስረህ ውጣ፤ የምግብ ትራፊ በጫካው አትጣል፤ በማለዳ ጥቁር ድኩላ ከአጋሙ ሥር ብቅ ብሎ ብታየው፣ ቀኑንና ስፍራውን ጽፈህ ለፓርኩ ጥበቃ ንገር፤ ቈጠራው ከዚያ ይጀመራልና።