የስንዴ ዋግ እና የምሥራቅ አፍሪካ የጋራ ግብርና ምርምር

የምግብ ዋስትና በምሥራቅ አፍሪካ ለረጅም ጊዜ የየአገሩ የውስጥ ጉዳይ ሆኖ ሲታይ ቢቆይም፣ ሰብልን ከሚያጠፉት ጠላቶች ዋነኞቹ፣ ማለትም በነፋስ የሚዛመት የዕፅዋት በሽታ፣ በመንጋ የሚፈልስ ተባይና ድርቅ፣ የአገር ወሰን የማያውቁ በመሆናቸው አንድ አገር በራሱ የምርምር ተቋም ብቻ ሊመክታቸው አይችልም። ይህ እውነት በየጉባኤው ቢነገርም በተግባር ምን ያህል እንደተሠራበት በቅርብ ለማየት ከስንዴ ዋግ ታሪክ የተሻለ ማስረጃ ማግኘት ያስቸግራል።

ዋግ በፈንገስ አማካይነት የሚመጣ የሰብል በሽታ ሲሆን፣ ስንዴን የሚያጠቁት ዓይነቶች የግንድ ዋግ፣ ቢጫ ዋግና የቅጠል ዋግ ተብለው ይታወቃሉ። የግንድ ዋግ የያዘው ስንዴ አገዳው ላይ የሸክላ ቀለም ያላቸው ቁስሎች ያወጣል፤ ቁስሎቹ የተክሉን ቆዳ ቀድደው ሲፈነዱ ስፖር የሚባለው እንደ ዱቄት የላመ የፈንገሱ ዘር ይበተናል፣ በማሳው መካከል ያለፈ ሰው ልብስም በዚያው ይቀላል። ወደ ፍሬው መድረስ የነበረበት ውኃና ምግብ መንገድ ላይ ስለሚቀር፣ ከአጨዳው ጥቂት ሳምንታት በፊት ያማረ የነበረ ማሳ የተጨማደደና ክብደት የሌለው ፍሬ ይሰጣል። ፈንገሱ ለመኖር ሕይወት ያለው ተክል ያስፈልገዋል፤ በምሥራቅ አፍሪካ ደጋዎች ደግሞ ይህ አያጣውም። ለምሳሌ በባሌ ገና በሚባለው የበልግና ቦና በሚባለው የመኸር ወቅት በዓመት ሁለት ጊዜ ስለሚዘራ፣ ከኬንያ ደጋዎች ጋር ተዳምሮ ሲታይ በአካባቢው አረንጓዴ ስንዴ የሚጠፋበት ወር ጥቂት ነው።

በ1998 (ዓመታቱ በሙሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በደቡብ ምዕራብ ኡጋንዳ በሚገኘው የካሌንጌሬ የምርምር ጣቢያ፣ የግንድ ዋግን ይቋቋማሉ ተብለው በታመነባቸው የስንዴ ዓይነቶች ላይ በሽታው ታየ። ናሙናው ወደ ደቡብ አፍሪካ ተልኮ በ1999 ሲመረመር አዲስ የፈንገስ ዘር፣ ማለትም አዲስ ንዑስ ዓይነት፣ መሆኑ ታወቀ፤ ዩጂ99 የሚለውን ስምም ከአገሩና ከዓመቱ አገኘ። አሳሳቢ ያደረገው ኤስአር31 የሚባለውን የመቋቋም ዘረመል፣ ማለትም ለበርካታ አሥርት ዓመታት የብዙ አገሮችን ስንዴ ከግንድ ዋግ ሲከላከል የኖረውን ባሕርይ፣ ማሸነፉ ነበር። ኡጋንዳ ስንዴ በብዛት የምታመርት አገር አይደለችም፤ ከሰሃራ በታች ካሉ አገሮች ቀዳሚዋ የስንዴ አምራች ኢትዮጵያ ናት። ስለዚህ ለኢትዮጵያ ገበሬ ከሁሉም በላይ የሚያስፈልገው ማስጠንቀቂያ የተገኘው ስንዴ እምብዛም በማይዘራበት ጣቢያ፣ ምርመራው የተካሄደውም ከአካባቢው ውጭ በሆነ ቤተ ሙከራ ነው። ዩጂ99 ወደ ኬንያ ተሻግሮ በ2003 ኢትዮጵያ ውስጥ ሲታይ ከምርመራው ውጤት በኋላ አራት ዓመታት አልፈው ነበር። የተቀናጀ ዓለም አቀፍ ዘመቻ የተጀመረው ግን በ2005፣ የኖቤል ተሸላሚው የስንዴ ተመራማሪ ኖርማን ቦርሎግ በናይሮቢ ባሰሙት ጥሪ ነው። በዚህ መካከል ያለፈው ጊዜ በአብዛኛው የባከነ ጊዜ ነበር ማለት ይቻላል። በ2006 በሱዳንና በየመን፣ በ2007 ደግሞ በኢራን መገኘቱ የጥሪውን ትክክለኛነት አረጋገጠ።

ከዚያ በኋላ የተገነባው አሠራር የአካባቢው ትብብር በተጨባጭ ፍሬ ካፈራባቸው ጥቂት ሥራዎች አንዱ ስለሆነ ሰፋ አድርጎ ማየት ይገባል። የዳቦ ስንዴ በኬንያ ንጆሮ፣ ለፓስታና ለማካሮኒ የሚውለው ዱረም ስንዴ ደግሞ በኢትዮጵያ ደብረ ዘይት የምርምር ማዕከል እንዲፈተሽ ሥራው ተከፋፈለ። ከብዙ አገሮች የሚመጡ በሺዎች የሚቆጠሩ የስንዴ ዓይነቶች በትንንሽ መደቦች ይዘራሉ፤ በዙሪያቸው በበሽታው በቀላሉ የሚጠቃ ስንዴ በመስመር ይተከልና ሆን ተብሎ በዋግ እንዲያዝ ይደረጋል። ስፖሩ ከዚያ ወደ መደቦቹ ሲነፍስ ተመራማሪዎች እየተመላለሱ ከእያንዳንዱ ተክል አገዳ ስንት እጁ እንደተጠቃ በመቶኛ ይመዘግባሉ። ስንዴን ከዋግ ጋር በእውነተኛ ማሳ ላይ ሳያጋጥሙ የመቋቋም አቅሙን በተሟላ ሁኔታ ማወቅ ስለማይቻል፣ በሽታው ገና ያልደረሰባቸው አገሮች ዝርያቸውን አስቀድመው የሚፈትኑበት ቦታ ያገኙት በዚህ መንገድ ነው።

ኢትዮጵያም ተጠቅማለች። በ2010 ቢጫ ዋግ ቁብሳና ገለማ የተባሉትን በስፋት የሚዘሩ ዝርያዎች ሲያጠቃ፣ በዚያው ዓመት የተለቀቁት ዳንዳአና ቀቀባ፣ እንዲሁም ቀደም ሲል የተለቀቀው ዲገሉ፣ ዘራቸው በፍጥነት ተባዝቶ ለገበሬው እንዲደርስ ተደረገ። ይሁን እንጂ በ2013 ከዩጂ99 የተለየ ሌላ የግንድ ዋግ ዘር በባሌና በአርሲ ተነሥቶ ዲገሉን አጠቃው። ገበሬው ዲገሉን የወደደው ቢጫ ዋግንም ዩጂ99ንም ስለተቋቋመለት ነበር፤ አንድ ዝርያ ሰፊ መሬት ሲሸፍንና መከላከያው በአንድ ትልቅ ዘረመል ላይ ሲንጠለጠል ግን ፈንገሱ ያንኑ አንድ በር ሰብሮ ይገባል። ተመራማሪዎች እያንዳንዳቸው ትንሽ የመከላከል ኃይል ያላቸውን ብዙ ዘረመሎች በአንድ ዝርያ ውስጥ ለማከማቸት የሚደክሙት በዚህ ምክንያት ነው። ሥራው ግን አንድ ጊዜ ተጠናቅቆ የሚያበቃ አይደለም፤ ፈንገሱ በተለወጠ ቁጥር ክትትሉም መቀጠል አለበት።

ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው፤ ክትትሉ ቋሚ ሲሆን ገንዘቡ ጊዜያዊ ነው። በዓለም ባንክ ብድር በ2009 የጸደቀው የምሥራቅ አፍሪካ የግብርና ምርታማነት ፕሮጀክት ለኢትዮጵያ ስንዴን፣ ለኬንያ የወተት ሀብትን፣ ለኡጋንዳ ካሳቫን፣ ለታንዛንያ ሩዝን ሰጥቶ እያንዳንዷ አገር በተመደበላት መስክ ለሌሎቹ ጭምር እንድትመራመር አድርጎ ነበር። ሐሳቡ እጅግ ጤናማ ነበር፤ አራት አገሮች አራቱንም ሥራ በየፊናቸው በደካማ አቅም ከሚሠሩ አንዱን በሚገባ ሠርተው ቢለዋወጡ ይበልጣል። ፕሮጀክቱ በ2015 ሲዘጋ ግን በዚያው መጠን የሚያስቀጥለው የጋራ በጀት አልተተካም። የአካባቢውን ብሔራዊ የምርምር ተቋማት ለማስተባበር በ1994 የተመሠረተውና መቀመጫውን ኢንቴቤ ያደረገው አሳሬካም የለጋሾች የጋራ ገንዘብ ሲያበቃ ሠራተኞቹን በእጅጉ ለመቀነስ ተገድዷል።

ከሁሉም ዕድሜ ጠገብ የሆነው የትብብር ተቋም፣ በ1962 ስምምነት የተቋቋመውና ዋና መሥሪያ ቤቱ አዲስ አበባ የሚገኘው የምሥራቅ አፍሪካ የበረሃ አንበጣ መቆጣጠሪያ ድርጅት ነው። ድርጅቱ ከአንበጣ ሌላ ግሪሳ ወፍንና ተምችን ይከላከላል፤ በጀቱም በዋናነት በአባል አገሮች መዋጮ ላይ የቆመ ስለሆነ በመርህ ደረጃ ከፕሮጀክት የተሻለ መሠረት አለው። መዋጮው ግን ለዓመታት እየተጓተተ ውዝፍ ሲከማች ቆይቷል። በ2018 ሁለት አውሎ ነፋሶች በዓረብ ባሕረ ገብ ምድር በረሃ ላይ ባወረዱት ዝናብ የተራባው አንበጣ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ኢትዮጵያን፣ ሶማሊያንና ኬንያን ሲወርር፣ ኬንያ እንዲህ ያለ መንጋ ካየች 70 ዓመት ሆኗት ነበር። ድርጅቱ በዚያን ጊዜ በእጁ የነበሩት አውሮፕላኖች ከወረራው ስፋት ጋር የሚመጣጠኑ አልነበሩም፤ ለመከላከል የሚያስፈልገው ገንዘብ ከጥፋቱ በኋላ ለዕርዳታ ከሚወጣው በብዙ እጥፍ እንደሚያንስም በዘርፉ የታወቀ ነው።

የትብብሩን ሌላ ገጽታ፣ ማለትም የዘር ንግድን፣ የምሥራቅና ደቡብ አፍሪካ የጋራ ገበያ (ኮሜሳ) በ2014 ባወጣው ደንብ ለማቃለል ሞክሯል፤ በደንቡ መሠረት በሁለት አባል አገሮች ተፈትሾ የተለቀቀ ዝርያ በሌሎቹም ያለ ተጨማሪ ፍተሻ ሊሸጥ ይችላል። አገሮች ግን የዘር ሀብታቸውን ለማካፈል የሚያመነቱበት ምክንያት እንዳላቸው መዘንጋት አይገባም። የካሊፎርኒያን የገብስ እርሻ ቢጫ አቀጭጭ ከሚባለው የቫይረስ በሽታ ያዳነው ዘረመል የተገኘው ከኢትዮጵያ ገብስ ነው፤ ገብሱን በየማሳው ለብዙ መቶ ዓመታት መርጦ ያቆየው ገበሬ ግን ከዚያ ያገኘው ጥቅም የለም። ኢትዮጵያ በ1976 የራሷን የዘር ባንክ ማቋቋሟና ዘር ከአገር የሚወጣበትን መንገድ መቆጣጠሯ ስለዚህ ተገቢ ነው፤ ጥቅሙን በፍትሕ የሚያካፍል ስምምነት ካለ ጥበቃውና ትብብሩ አይጣሉም።

ወደ ዋጉ ስንመለስ፣ የምርመራ አቅም ጥያቄ ዛሬም አልተዘጋም። በአምቦ የሚገኘው የዕፅዋት ጥበቃ ምርምር ማዕከል የዋግ ዘሮችን የመለየት ሥራ ቢሠራም፣ የማረጋገጫ ናሙናዎች ወደ ዴንማርክና ወደ አሜሪካዋ ሚኒሶታ ይላካሉ። ሚኒሶታ ያለው ቤተ ሙከራ የውጭ ናሙና የሚቀበለው ስፖር ቢያመልጥ እንኳ የሚያርፍበት ስንዴ በማሳ ላይ በሌለበት በክረምቱ ወራት ብቻ ነው፤ የባሌ ገበሬ ግን የፀረ ዋግ መድኃኒት ለመርጨት የሚወስንበት ጊዜ በቀናት የሚቆጠር ነው። በአካባቢው ውስጥ የሚሠራ፣ ውጤቱን ለሁሉም ጎረቤት አገሮች በአንድ ጊዜ የሚያሳውቅ ቤተ ሙከራ ማቆም ከአንድ አገር በጀት በላይ ሊሆን ይችላል፣ ከስድስት ወይም ከሰባት አገሮች መዋጮ በላይ ግን አይደለም። የአፍሪካ አገሮች በ2003 በማፑቶ ከበጀታቸው ቢያንስ 10 በመቶውን ለግብርና ለማዋል ቃል ገብተዋል፤ ከዚያ ውስጥ ለጋራ ምርምርና ለጋራ ቁጥጥር የሚከፈለው መዋጮ በየአገሩ ምክር ቤት በስሙ ተጠቅሶ ሊጸድቅ፣ በወቅቱ መከፈሉም በየዓመቱ ሊጠየቅበት ይገባል።