ጉድጓዱ ተቆፈረ፤ ልማዱስ?

በ1996 ዓ.ም. መግቢያ በያኔው የደቡብ ክልል ሽንት ቤት የነበራቸው ቤተሰቦች ከ13 በመቶ በታች ነበሩ። በዶክተር ሽፈራው ተክለማርያም ይመራ የነበረው የክልሉ ጤና ቢሮ ያን ጊዜ ዘመቻ ከፈተ። ለየቤቱ ሲሚንቶም ብርም አላደለም፤ አባወራው በራሱ ጉልበትና በጓሮው እንጨት እንዲሠራ ቀሰቀሰ። በሁለት ዓመት ውስጥ ሽፋኑ ከግማሽ አልፎ ወደ ሦስት አራተኛ ተጠጋ። የጌዴኦ ዞንም የዚያ ክልል አካል ነበረች።

አገሪቱም በዚሁ መንገድ ሄደች። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ በጋራ ባወጡት መረጃ መሠረት በ1990 እ.ኤ.አ. ከመቶ ኢትዮጵያውያን 92ቱ ሜዳ ላይ ይጸዳዱ ነበር፤ በ2015 እ.ኤ.አ. ቁጥሩ ወደ 29 ወርዷል። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ቅናሽ ያስመዘገበ ሌላ አገር የለም። በመንግሥትም በሕዝብም የተሠራ ትልቅ ሥራ ነው፤ ሊመሰገን ይገባል።

ነገር ግን በ2009 ዓ.ም. ከጌዴኦ ዋና ከተማ ከዲላ ብዙም በማይርቀው ወናጎ ወረዳ የተማሪዎች ሰገራ ሲመረመር ከግማሽ በሚበልጡት ላይ የአንጀት ትላትል ተገኘ። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ የተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናትም ደረጃውን የጠበቀና ከጎረቤት ጋር የማይጋሩት ሽንት ቤት ያላቸው ቤተሰቦች 6 በመቶ ብቻ መሆናቸውን አሳየ። ጉድጓዱ ተቆፍሯል፤ ንጽሕናው ግን ገና የዕለት ተዕለት ልማድ አልሆነም።

ምክንያቱ ከቤት ጓሮ ይጀምራል። በጌዴኦ መሬቱ ጠባብ፣ ሕዝቡ ብዙ ነው፤ ቡናው፣ እንሰቱና ቤቱ በአንድ ዳገት ላይ ተጠጋግተው ይኖራሉ። ዝናቡም በዓመት ሁለቴ ይመጣል። በእንጨት ርብራብና በጭቃ የተሠራው ወለል እርጥበት ሲጠግብ ይበሰብሳል፣ የጉድጓዱ አፍ ይናዳል። እናት ልጇ ጉድጓዱ ውስጥ እንዳይገባባት ትፈራና ጓሮ ታስቀምጠዋለች። በሩ ላይ የተንጠለጠለችው የእጅ መታጠቢያ ጄሪካንም ውኃው ከሩቅ ምንጭ በጀርባ የሚመጣ ከሆነ ባዶዋን ትውላለች። ይህች እናት ትምህርት አልጎደላትም፤ የጎደላት የማይበሰብስ ወለልና ቅርብ ውኃ ነው።

በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በየገጠር ቀበሌው ሁለት ባለሙያዎችን መደበ። አንድ ቤተሰብ 96 ሰዓት ሠልጥኖ የተማረውን ሲተገብር «ሞዴል ቤተሰብ» ተብሎ ይመረቃል። የጎረቤት ምሳሌነት ጉልበት ስላለው ሐሳቡ ጥሩ ነው። ነገር ግን የምስክር ወረቀቱ የሚሰጠው አንድ ጊዜ ነው፤ እጅ መታጠብ ግን በየቀኑ ነው። በኋላ የመጣው፣ አንዲት ሴት አምስት ጎረቤቶቿን የምትመራበት አንድ ለአምስት አደረጃጀትም ሸክሙን ያለ ክፍያ በሴቶች ትከሻ ላይ ጣለ። በአማራ ክልል ገጠር ተጠንቶ በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ ሥራ እነዚህ በጎ ፈቃደኛ መሪዎች ከጎረቤቶቻቸው ይልቅ የተቸገሩና የተጨነቁ ሆነው እንዳገኛቸው ጽፏል። የራሷ ጓዳ የጎደለባትን ሴት ሌላውን አነቃቂ ማለት ፍትሕ አይደለም።

የሰውን ተነሳሽነት ያጠኑት ኤድዋርድ ዴሲና ሪቻርድ ራያን ልማድ እንዲጸና ሰው ሦስት ነገር ያሻዋል ይላሉ፦ በራሱ መወሰን፣ እችላለሁ ማለትና ከሌሎች ጋር መተሳሰር። በትእዛዝና በወቀሳ የተጀመረ ነገር ተቆጣጣሪው ሲሄድ ይላላል። እንግሊዛዊቷ ሱዛን ሚቺና ባልደረቦቿም በ2011 እ.ኤ.አ. ሌላ ነጥብ አጠበቁ፤ ፍላጎትና ችሎታ ቢኖርም አካባቢው ካልተመቸ ባሕርይ አይለወጥም። ይህን ጌዴኦ በመከራ አይታዋለች። በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ሲፈናቀል፣ በየትምህርት ቤቱና በየመጋዘኑ የተጨናነቀ ቤተሰብ ስለ ንጽሕና የቱንም ያህል ቢያውቅ ዕውቀቱን የሚያውልበት ውኃና ቦታ አልነበረውም።

መልሱንም ጌዴኦ ራሷ ይዛዋለች። በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው መልክዓ ምድሯ በዘመቻ የቆመ አይደለም። ዛፉ ለቡናው ጥላ ነው፣ እንሰቱ የቤቱ ቀለብ ነው፣ ሶንጎ የተባለው ባህላዊ ሸንጎ ሽማግሌዎችም ሥርዓቱን ይጠብቃሉ። ጥቅሙ በየቀኑ ስለሚታይና ደንቡ የሕዝቡ ስለሆነ ከአባት ወደ ልጅ ተላለፈ። የንጽሕና ጉዳይም በዚያው ሸንጎ ይመከርበት፤ ጊዜውንና ቅደም ተከተሉን ሕዝቡ ይቁረጥ።

ጉዳዩ በሽንት ቤት አያበቃም። በ2015 እ.ኤ.አ. የተካሄደ አገር አቀፍ ጥናት የደም ግፊት 16 በመቶ ያህሉን አዋቂ እንደያዘና ከመቶ ሰው ከ95 በላይ የሚሆነው በቂ አትክልትና ፍራፍሬ እንደማይበላ አሳይቷል። እዚህም የሚሠራው ወቀሳ ሳይሆን ምቹ አካባቢ ነው። በኅዳር 2011 ዓ.ም. አዲስ አበባ አንዳንድ መንገዶቿን ለአንድ እሑድ ከመኪና ነፃ ስታደርግ ሕዝቡ ሳይለመን ወጥቶ ተራመደ፣ ሮጠ። መንገዱ ሲመች እግሩም ተነሳ።

ስለዚህ በጌዴኦ ከፍስሐ ገነት እስከ ዲላ የሚቀጥለው ሥራ ሪፖርቱን ይለውጥ። ስንት ጉድጓድ ተቆፈረ ከማለት ይልቅ በክረምት ማግስት ስንቱ ቆሞ ያገለግላል፣ ስንቱ ጄሪካን ውኃ አለው ይባል። በጀቱም ከስብሰባ ይልቅ ለኮንክሪት ወለል፣ ለምንጭ ማጎልበትና ለምታስተባብረው ሴት ክፍያ ይዋል። ሕዝቡ ሲጠሩት መቆፈሩን ከሃያ ዓመት በፊት አሳይቷል፤ አሁን የድርሻውን መወጣት ያለበት ጠሪው ነው።