አበባው ባቱ፣ ሠርጉ ሐዋሳ

ከሐዋሳ ተነስቶ በሻሸመኔና በአርሲ ነገሌ በኩል ባቱ፣ የቀድሞዋ ዝዋይ፣ ለመድረስ 110 ኪሎ ሜትር ገደማ መጓዝ ይበቃል። መንገደኛው ከተማዋ ሲደርስ ዓይኑን የሚሞላው ነጭ የፕላስቲክ ጣራ ነው። ሼር ኢትዮጵያ የተባለው የኔዘርላንዶች ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2005 እዚያ ሥራ ከጀመረ ወዲህ ባቱ በዓለም ትልልቅ ከሚባሉት የጽጌረዳ እርሻዎች መካከል አንዱን ይዛለች። እ.ኤ.አ. በ2014 ኬኬአር የተሰኘው የአሜሪካ የኢንቨስትመንት ድርጅት በእርሻው ባለቤት በአፍሪፍሎራ ላይ 200 ሚሊዮን ዶላር ያህል ማፍሰሱ በዓለም የንግድ ጋዜጦች ተዘግቦ ነበር።

ይህን ያህል ጽጌረዳ በደጃፏ ያላት ሐዋሳ ግን ድል ባለው የሠርግ መድረክ ላይ የምትደረድረው በአመዛኙ ከቻይና የመጣ የጨርቅና የፕላስቲክ አበባ ነው። ነገሩ የሐዋሳ ብቻ አይደለም፤ አዲስ አበባም ብዙ የተሻለች አይደለችም። ሆኖም አዲስ አበባ ቢያንስ ቦሌን ምክንያት አድርጋ የእርሻዎቹን ትራፊ ታገኛለች። ለመሆኑ ሐዋሳ ለምን ታጣለች?

ነጋዴውም ሸማቹም በአንድ ድምፅ የሚሰጡት መልስ «ውድ ነው» የሚል ነው። መልሱ እውነትነት አለው፤ ግን ግማሽ ነው። ቀሪውን ግማሽ ለማየት አበባው ከእርሻ እስከ ሙሽራዋ እጅ የሚያልፍበትን መንገድ መከተል ያስፈልጋል።

ጽጌረዳ የሚቆረጠው ገና እንቡጥ ሳለ ነው። ወዲያው ውኃ ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ ወደ ማቀዝቀዣ ክፍል፣ ቀጥሎ ወደ መለያው። በዘንጉ ርዝመት፣ በእንቡጡ መጠንና በአንገቱ ቅንነት እየተለየ በ10 ወይም በ20 ይታሰርና በካርቶን ሆኖ በማቀዝቀዣ መኪና ወደ ቦሌ ያመራል። ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ በርሮ ወይ በቀጥታ ለአውሮፓ ሱፐርማርኬቶች ይቀርባል፣ ወይም አልስሜር በሚገኘው የኔዘርላንዶች የአበባ ጨረታ ይወጣል። የዚያ ጨረታ ሥርዓት ከእኛው የተገላቢጦሽ ነው። ሰዓት የመሰለው መቁጠሪያ ከከፍተኛ ዋጋ ተነስቶ ቁልቁል ይወርዳል፤ አስቀድሞ ያስቆመው ነጋዴ ይገዛል። ማመንታት ለሚወድ ተጫራች አስጨናቂ ነው።

በመለያው ጠረጴዛ ላይ የሚቀረው ነው እንግዲህ ለእኛ የሚተርፈው። ዘንጉ ያጠረ፣ አንገቱ የጎበጠ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ «ተከፍቷል» ተብሎ የተመለሰ። አውሮፓ ደርሶ ሳምንት መቆየት ያለበት አበባ እንቡጥ ካልሆነ አይሄድም። ለነገ ሠርግ ግን የሚፈለገው ትክክል ያ የተከፈተው ነው። እንቡጥ ጽጌረዳ ይዛ ፎቶግራፍ የተነሳች ሙሽራ ዘንግ እንጂ አበባ የያዘች አትመስልም። ስለዚህ ለላኪው ጉድለት የሆነው ነገር ለሐዋሳ ገበያ ጥራት ነው ማለት ነው። እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 26 ቀን 2025 ጀምሮ የአውሮፓ ኅብረት በእንቡጥ ውስጥ ከሚሸሸገው የእሳት ራት ትል የተነሳ በጽጌረዳ ላይ የሚያደርገውን ቁጥጥር አጥብቋል። የመለያው ጠረጴዛም ከዚያ ወዲህ የበለጠ ጥብቅ ሆኗል።

ቀጣዩ ጣጣ የቀን መቁጠሪያ ነው፤ ነገሩን ልብ ብሎ ላየው የችግሩ ዋና ቋጠሮ እዚህ ላይ ይገኛል።

የእኛ ሠርግ ከጥምቀት በኋላ ይፈነዳል፤ ዐቢይ ጾም እስኪገባ ጥርና የካቲት እረፍት የላቸውም። ይኸው ሰሞን አውሮፓ ለፍቅረኞች ቀን የምትዘጋጅበት ነው። ቀኑ በእኛ አቆጣጠር የካቲት 7 አካባቢ ይውላል፤ የአበባ እርሻዎች የዓመቱን ትልቁን ጭነት የሚልኩት ከዚያ በፊት ባሉት ሁለትና ሦስት ሳምንታት ነው። በየካቲት መጨረሻ የሴቶች ቀን ይከተላል። ፋሲካ አልፎ ሚያዝያና ግንቦት ሠርጉ እንደገና ሲደራ፣ በርካታ የአውሮፓ አገሮች የእናቶች ቀንን የሚያከብሩት በግንቦት መጀመሪያ ነው። ሐዋሳ አበባ በምትፈልግበት ሰዓት ዓለም ሁሉ ይፈልጋል ማለት ነው፤ በዶላር የሚከፍል እያለ ማን ወደ ደቡብ ይልካል?

ክረምት ሲገባ ደግሞ የተገላቢጦሽ ይሆናል። ከሰኔ እስከ ነሐሴ አውሮፓዊው የራሱ ጓሮ በአበባ ተሞልቷል፤ አለበለዚያም ለዕረፍት ወጥቷል። ፍላጎት ይቀዘቅዛል፤ ዋጋ ይወርዳል፤ ጽጌረዳው ግን ፈረንጅ ዕረፍት ወጣ ብሎ ማበቡን አያቆምም። በእኛ በኩል ዝናብ ነው፤ ነሐሴ ሲጠባም ፍልሰታ ይገባል። አበባው የሚረክሰው ሠርግ በሌለበት ወቅት ነው።

ይህ ስሌት ለአዲስ አበባ ይበልጥ ይጠብቃል። ሐዋሳ ግን ሁለት ነገር አላት። አንደኛው፣ በሲዳማ የፕሮቴስታንት እምነት ተከታዩ ብዙ በመሆኑ ሠርግ ሁሉ በጾም አይቆምም። ሁለተኛው የዩኒቨርሲቲው ምርቃት ነው። በሰኔና በሐምሌ ተመራቂ በሚወጣበት ሰሞን የዕቅፍ አበባ ገበያ የዓመቱን ትልቅ ቀን ያያል፤ ያ ደግሞ የአውሮፓ ገበያ ከተኛበት ወቅት ጋር ይገጥማል። ለሐዋሳ አበባ ነጋዴ ከዚህ የተሻለ አጋጣሚ የለም።

ታዲያ አጋጣሚው ለምን ይባክናል? እዚህ ላይ ነው የሙያ ጉዳይ የሚመጣው።

እንበልና አንድ የዲኮር ቤት 100 ዘንግ ጽጌረዳ ገዛ። በሚኒባስ ጣራ ላይ እኩለ ቀን ላይ ሲጓዝ 20ው ተቀጠቀጠ። ሐዋሳ ሲደርስ ዘንጉ ሳይቆረጥ ባልታጠበ ባልዲ ውስጥ ስለገባ ሌላ 20 አንገቱን ደፋ። የቀረው 60 ነው። ነጋዴው 100 ከፍሎ 60 ስለሚሸጥ የእያንዳንዱ ዘንግ መነሻ ዋጋ በሁለት ሦስተኛ ገደማ ጨመረ። ደንበኛው «ውድ ነው» የሚለው እንግዲህ ይህንን ነው። አበባው አልተወደደም፤ የተወደደው ብክነቱ ነው።

ብክነቱን የሚቀንሰው ዘዴ ረቂቅ አይደለም። አበባ ከተቆረጠም በኋላ ይተነፍሳል፤ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የሚተነፍሰው በእጥፍና ከዚያም በላይ ስለሆነ ዕድሜው ያጥራል። ስለዚህ ጉዞው ንጋት ላይ ይሁን። እንደደረሰ የዘንጉ ጫፍ ሁለትና ሦስት ሳንቲ ሜትር ያህል ውኃ ውስጥ እንዳለ በሰላ ቢላዋ ሰያፍ ይቆረጥ፤ አየር ገብቶ የውኃውን ቧንቧ እንዳይዘጋ ነው። ከውኃው በታች የሚውል ቅጠል ይርገፍ፤ ይበሰብሳልና። ባልዲው በበረኪና ይታጠብ። ውኃው ውስጥ ጥቂት ስኳር፣ ጥቂት ሎሚና አንድ ሁለት ጠብታ በረኪና ቢገባ አበባው ይበላል፣ ውኃውም አይሸትም። ደግሞም አበባን ከፍራፍሬ ማራቅ ያስፈልጋል። የበሰለ ሙዝና ማንጎ የሚያወጡት ኤትሊን የተባለ ጋዝ አበባን ያስረጃል፤ ካርኔሽንን በተለይ በአንድ ሌሊት ያጠወልገዋል። ሐዋሳ ውስጥ ጭማቂ ቤትና ፍራፍሬ መሸጫ የሌለበት መንገድ ማግኘት ስለሚከብድ፣ አበባ ሻጭ ሱቅ ከመከራየቱ በፊት ጎረቤቱን ቢያይ አይጎዳም።

ይህን ሁሉ በወረቀት ጽፎ መበተን ይቻላል፤ ግን እጅ የሚማረው ዓይን ሲያይ ነው። በሌላው ዓለም ለዚህ የዋለው መሣሪያ የአበባ አደራደር ክበብና በክበቡ የሚቀርበው ሠርቶ ማሳያ ነው። በእንግሊዝ አገር እንዲህ ያሉ ክበቦች በዝተው እ.ኤ.አ. በ1959 ብሔራዊ ማኅበር መሥርተዋል። ልማዱ ቀላል ነው። አባላት በወር አንድ ቀን በትምህርት ቤት ወይም በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ይሰበሰባሉ። ባለሙያው ፊት ለፊታቸው ቆሞ እየደረደረ፣ እየደረደረም የሚያደርገውን እያስረዳ አምስት ስድስት ዝግጅት ይሠራል። ሲያበቃ ዝግጅቶቹ በዕጣ ለታዳሚው ይወጣሉ። ዕጣ ማውጣቱንማ ማን ያስተምረናል፤ ዕቁብ ያለው ሕዝብ ነን።

ጃፓኖች ጉዳዩን ከጥበብ አድርሰውታል። ኢኬባና የሚባለው የአበባ አደራደር በኪዮቶ ከተማ ከ15ኛው ምዕተ ዓመት ጀምሮ የሚታወቅ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1927 ሶፉ ቴሺጋሃራ የመሠረቱት የሶጌትሱ ትምህርት ቤት ማንም ሰው፣ የትም ቦታ፣ በማንኛውም ቁሳቁስ ሊደረድር ይችላል ብሎ ተነሳ። እ.ኤ.አ. በ1956 ኤለን ጎርደን አለን የተባሉ አሜሪካዊት በቶኪዮ የኢኬባና ዓለም አቀፍ ማኅበርን አቋቁመው ሙያው ወደ ሌሎች አገሮች ተዳረሰ። ለነጋዴ ከጃፓኖች የሚገኘው ትምህርት ቁጠባው ነው። ሦስት ዘንግ፣ አንድ ቅርንጫፍና ክፍት ቦታ። የእኛ ዲኮር ቤቶች 50 ጽጌረዳ አጭቀው የሚያገኙትን ውበት በ7 ማግኘት ከተቻለ፣ የሐዋሳ ኪስ እውነተኛውን አበባ ሊደፍር ይችላል።

ቁሳቁሱስ ቢሆን? የዲኮር ሠራተኛ ዛሬ ያለ አረንጓዴው ስፖንጅ መሥራት የማይቻል ይመስለዋል። ይህ ስፖንጅ እ.ኤ.አ. በ1954 አሜሪካ ውስጥ የተፈለሰፈ የፕላስቲክ ውጤት ነው፤ አይበሰብስም። የእንግሊዝ ንጉሣዊ የአትክልት ማኅበር እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ ከትርኢቶቹ አግዶታል። እኛ ዘንድ ደግሞ በውጭ ምንዛሪ የሚገባ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ስፖንጁም የፕላስቲክ አበባውም የቀድሞ ዋጋቸው ላይ የሉም። (ላኪውም በዶላር የሚያገኘው ብር ስለጨመረለት ለአገር ውስጥ ለመሸጥ ያለው ጉጉት እንዳልጨመረ አብሮ መታወቅ አለበት።)

በምትኩ ያለው እዚሁ ነው። ሙዝ አንድ ጊዜ ካፈራ በኋላ ግንዱ ተቆርጦ ይጣላል፤ ያ ግንድ በውኃ የተሞላ ስለሆነ የአበባ ዘንግ ሲሰካበት አበባውን ይዞ እርጥበት ይሰጠዋል። ለትልቅ የመድረክ ዝግጅትም ለለቅሶ ጉንጉንም ያገለግላል። የኮባ ቅጠል ማስቀመጫውን ይሸፍናል፣ ዕቅፉን ይጠቀልላል፤ በሲዳማ ምድር ኮባ ተፈልጎ አይታጣም። በየግቢው አጥር ላይ የሚንዠረገገው ቡጋንቪላና ቄጤማውም አሉ። ቡኒ ወረቀትና ሪባን ከመርካቶ ከሚመጣ ይልቅ እንዲህ የተሠራ ዕቅፍ ሲታይ የሐዋሳነቱ ከሩቅ ይታወቃል። ሙሽሮች አሞራ ገደልና ፍቅር ሐይቅ ወርደው ፎቶግራፍ ሲነሱም ከዳራው ጋር አይጣላም።

ክበቡን ለማቋቋም ከባዱ ነገር ገንዘብ አይመስለንም። አዳራሽ የሐዋሳ ሆቴሎች ችግር አይደለም፤ ቅዳሜና እሑድ የሚጨናነቀው አዳራሽ ማክሰኞ ባዶውን ያድራል። ዕውቀቱም ቢሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1976 የተመሠረተው የአዋሳ እርሻ ኮሌጅ የዛሬው ዩኒቨርሲቲ አካል ሆኖ ስለ አትክልትና ፍራፍሬ ሳይንስ ሲያስተምር ኖሯል። የሚጎድለው የእጅ ሙያውና ሁለቱን የሚያገናኝ ሰው ነው። አባል የሚሆኑት ደግሞ የዲኮር ቤት ሠራተኞች ብቻ አይደሉም። የሆቴል ክፍል አዘጋጆች፣ በየእሑዱ የስብከት መድረክ የሚያስጌጡ የቤተ ክርስቲያን አገልጋዮች፣ ሰርግ ያለባቸው እናቶች ሁሉ ይመጣሉ። ያየ ደግሞ ይገዛል፤ ለዲኮር ቤቱ የሠርቶ ማሳያው ትርፍ ይኸው ነው። አባላቱ እንደ ዕቁብ አዋጥተው አንድ ካርቶን በጋራ ቢያስመጡ፣ ለብቻቸው 40 ዘንግ ለማይሞላ ትዕዛዝ ከባቱ መኪና መጠየቅ ይቀርላቸዋል።

እርሻዎቹም ቢሆኑ ጉዳዩ አይመለከታቸውም አይባልም። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት የአውሮፓ ጨረታ ሲወድቅ፣ በአገራችን እርሻዎች የተቆረጠ ጽጌረዳ ተከምሮ ተጥሏል። ያኔ የእኛም ሠርግ ስለቆመ የሐዋሳ ገበያ ያድነው ነበር ብሎ መከራከር ይከብዳል። ግን በየክረምቱ በሚረክሰው አበባ ላይ ኮሮና የለበትም።

መጀመር ለሚፈልግ የምርቃቱ ሰሞን ቅርቡ ነው። ለተመራቂ ዕቅፍ ረጅም ዘንግ አያስፈልግም፤ 40 ሳንቲ ሜትሩ ይበቃል፣ እሱም ከሁሉ የሚቀለው ነው። ትዕዛዙ ከምርቃቱ ሁለት ቀን በፊት ባቱ ይድረስ፤ አበባው በዋዜማው ንጋት ሐዋሳ ገብቶ እስከ ማታ ውኃውን ይጠጣ፤ ማታ ይደርደር። ጠዋት በዩኒቨርሲቲው በር ላይ ሲሸጥ የተከፈተ ጽጌረዳ ይሆናል።