ቀላል አይሮፕላንና የይፋት ቆላ አየር

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚጓዝ ሰው ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለውን የጣርማ በርን ብርድ አልፎ የደብረ ሲናን ቁልቁለት ሲጨርስ የይፋት ቆላ ሙቀት ይቀበለዋል። ሸዋ ሮቢት የምትገኘው ከባሕር ወለል በላይ 1,280 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ማሾና ሽንኩርት የሚበቅልበትን ይህን ለጥ ያለ መሬት ያየ ወጣት፣ «ለትንሽ አይሮፕላን ከዚህ የተሻለ ሜዳ ከወዴት ይገኛል?» ቢል አያስደንቅም። ነገር ግን በበረራ ጊዜ አይሮፕላንን የሚሸከመው አየር እንጂ ሜዳ አይደለምና፣ አስቀድሞ አየሩን መመርመር ይገባል።

ቀላል የስፖርት አይሮፕላን የምንለው ምን ዓይነቱን ነው? አሜሪካኖች በአውሮፓ አቆጣጠር በ2004 ባወጡት ደንብ መሠረት፣ ከሁለት ሰው በላይ የማይጭን፣ አንድ ሞተር ያለውና ከምድር የሚነሣው ዓይነት ከነጭነቱ ከ600 ኪሎ የማይበልጥ ነው። በ2025 ደንቡ እንዲሰፋ ቢወሰንም፣ በብዙ አገር የሚበሩት ብዙዎቹ ቀላል አይሮፕላኖች የተነደፉት በዚሁ ልክ ነው።

የዚህ ሥራ ምኞት ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ጀርመናዊው መሐንዲስ ሉድቪግ ቬበር ከኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ጋር በአዲስ አበባ የሠራት ባለሁለት መቀመጫዋ «ፀሐይ» በ1928 ዓ.ም. በርራለች፤ ሞተሯም 115 የፈረስ ጉልበት ነበረው። ኢጣልያኖች ወደ አገራቸው ከወሰዷት በኋላ በጥር 2016 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተመልሳለች። በ2007 ዓ.ም. ደግሞ አስመላሽ ዘፈሩ የተባለው ኢትዮጵያዊ፣ በመጻሕፍትና በኢንተርኔት ራሱን አስተምሮ የሠራትን «ኬ-570ኤ» የተባለች አይሮፕላን ለሙከራ አቅርቧል። ሞተሯ የቮልስዋገን መኪና ሲሆን 40 የፈረስ ጉልበት ነበረው። የመጀመሪያው ሙከራ ከመሬት ሳያነሣት ቢቀርም የሰውየው ትጋት የሚያስመሰግን ነው።

እንግዲህ ወደ አየሩ እንመለስ። በባሕር ወለል ላይ፣ በ15 ዲግሪ ሙቀት፣ አንድ ሜትር ኩብ አየር 1.225 ኪሎ ይመዝናል። በአዲስ አበባ ከፍታ በዚያው ሙቀት 0.92 ኪሎ ገደማ ብቻ ነው። አየር ሲሳሳ ሞተር የሚስበው አየር ይጎድላል፤ ስለዚህ በፋብሪካው ወረቀት 40 የፈረስ ጉልበት ያለው ተራ ሞተር አዲስ አበባ ላይ ከ30 የሚያልፍ አይሰጥም።

ታዲያ ወደ ቆላ ብንወርድ ችግሩ ይቀልልናል? ጥቂት ይቀልላል፤ ሆኖም የተመኘነውን ያህል አይደለም። ሙቀትም እንደ ከፍታ ሁሉ አየሩን ያሳሳዋልና። ሸዋ ሮቢት ላይ ከቀትር በኋላ ሙቀቱ 32 ዲግሪ ሲደርስ አንድ ሜትር ኩብ አየር 0.99 ኪሎ ገደማ ይሆናል። አይሮፕላኑ በ2,100 ሜትር ከፍታ ላይ ያለ ያህል ነው። ከጣርማ በር የወረድነው ሰው፣ ለክንፉና ለሞተሩ ግን ወደ አዲስ አበባ ደጃፍ ተመልሰናል ማለት ነው። ለመነሣት የሚያስፈልገው ፍጥነት በባሕር ወለል ከሚበቃው በ11 በመቶ ይጨምራል፤ የሞተሩ ድካም ባይታከል እንኳ መንደርደሪያው ከመቶ 23 እጅ ያህል ይረዝማል።

መድኃኒቱ ምንድን ነው? አንዱ ክንፍን ማስፋት ነው፤ ሆኖም ሰፊ ክንፍ ክብደት ያመጣል፣ ፍጥነት ይቀንሳል፣ በቀትር ከጋለው መሬት በሚነሣው ነፋስም አብዝቶ ይናጣል። ሁለተኛው፣ የከባድ መኪና ሾፌሮቻችን በሚገባ የሚያውቁት ቱርቦ ነው፤ የኦስትሪያው ሮታክስ 914 ሞተር ሳሳ ያለውን አየር በቱርቦ አምቆ እስከ 115 የፈረስ ጉልበት ይሰጣል። ይህም ቢሆን ዋጋና ክብደት አለው፤ ከ600 ኪሎ ውስጥ በሞተር ላይ የተጨመረ ኪሎ ከነዳጅ ወይም ከመንገደኛ ይቀነሳል። ገንዘብ የማይጠይቀው ሦስተኛው ዘዴ በማለዳ መብረር ነው። በ18 ዲግሪ የዚያው የሸዋ ሮቢት አየር 1.04 ኪሎ ይመዝናል።

ስለዚህ የወጣት መሐንዲሶቻችን ተግባር በባሕር ወለል ልክ የተነደፈውን ሥዕል እንዳለ መቅዳት አይደለም። አስቀድሞ መጥኖ መደቆስ ነው። ከፍታውን፣ የቀትሩን ሙቀትና የሜዳውን ርዝመት ጽፎ ንድፉን ከዚያ የሚጀምር ተማሪ፣ ምኞቱን ከመዶሻው በፊት በእርሳስ ይፈትነዋል። በእርሳስ የተገኘ ስሕተት በላጲስ ይጠፋል፤ በአየር ላይ የተገኘ ግን ሕይወት ያስከፍላል።