ናይሮቢ ላይ ሥራ ፍለጋ ከወረቀት ይጀምራል

ኬንያ ውስጥ ተመራቂ ሥራ ፍለጋ መንከራተቱን «ታርማኪንግ» ይለዋል። ቃሉ ከአስፋልት የመጣ ነው፤ ሲቪውን በፋይል ይዞ ናይሮቢ ውስጥ ከአፐር ሂል ዌስትላንድስ፣ ከዌስትላንድስ ኢንዱስትሪያል ኤሪያ እየተመላለሰ ጫማ የጨረሰ ወጣት ሁሉ ያውቀዋል። አሁን ማመልከቻ በአብዛኛው በኢንተርኔት ይላካል፤ ቃሉ ግን አልሞተም። እዚያው ከተማ ሥራ የሚፈልግ ኢትዮጵያዊ ተመራቂ ከኬንያዊው ጋር አንድ አስፋልት ቢረግጥም መነሻቸው ይለያያል። ኬንያዊው ሲቪውን አሳምሮ ይጀምራል። ኢትዮጵያዊው ሲቪው ከመነበቡ በፊት ሁለት ነገር ይጠየቃል፦ ኬንያ ያለው በምን ወረቀት ነው? ዲግሪውስ እዚህ ይታወቃል?

ኢትዮጵያዊ ወደ ኬንያ ለመግባት ቪዛ አይጠየቅም። በድንበር ወይም በአውሮፕላን ማረፊያ የሚሰጠው ግን የጎብኚ ፈቃድ ነው፤ ልዩነቱን ሳያጣሩ «ገብቼ እፈልጋለሁ» ብለው የሚመጡ ጥቂት አይደሉም። የተማሪ ፓስ የያዘ፣ ወይም በትዳር ጓደኛው ወይም በወላጁ ፈቃድ ተጠግቶ የሚኖር ሰውም በዚያ ወረቀት ብቻ ተቀጥሮ መሥራት አይችልም። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው የኬንያ የዜግነትና የኢሚግሬሽን ሕግ የሥራ ፈቃዶችን በፊደል ይከፋፍላቸዋል። ተቀጣሪን የሚመለከተው «ክላስ ዲ» ነው። የሚያመለክተው ቀጣሪው ሲሆን፣ ለቦታው የሚሆን ኬንያዊ እንዳላገኘ ማስረዳት፣ ከውጭ ዜጋው ሥራውን ተምሮ የሚረከብ ኬንያዊ ማቅረብና በየዓመቱ የሚታሰብ ከፍ ያለ ክፍያ መፈጸም አለበት። ለምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ ዜጎች የተደረገው ማቅለያም ኢትዮጵያ የማኅበረሰቡ አባል ስላልሆነች ለኢትዮጵያዊ አይሠራም። እውነቱን ለመናገር፣ ትናንት ለተመረቀ የሒሳብ ሠራተኛ ይህን ሁሉ የሚደክም ድርጅት ማግኘት ከባድ ነው፤ ናይሮቢ የሒሳብ ሠራተኛ አልጠፋባትም። ክላስ ዲ ለአዲስ ተመራቂ የሚከፈተው ኬንያዊ አመልካች በቀላሉ የማይሞላው ነገር በእጁ ሲኖር ነው።

በስደተኛነት የተመዘገበው ተመራቂ መንገዱ ሌላ ነው። ከእነዚህ መካከል በዳፊ ስኮላርሺፕ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. በ1992 በጀርመን መንግሥት ድጋፍ በተጀመረው የስደተኞች የከፍተኛ ትምህርት ዕድል፣ ኬንያ ውስጥ የተማሩ ይገኙበታል። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው የስደተኞች ሕግ ስደተኛ ተቀጥሮም ሆነ በግሉ ሠርቶ እንዲያድር፣ ዕውቅና ያለው ማስረጃ ካለውም በሙያው እንዲሠራ መብት ሰጥቷል። ፈቃዱ «ክላስ ኤም» ይባላል፤ ክፍያ የለውም። ይሁን እንጂ ፈቃዱ የሚሰጠው ስደተኛነቱ ለጸደቀለት ሰው ነው፤ ጥገኝነት ጠይቆ ውሳኔ የሚጠብቅ ሰው ገና አልደረሰበትም። ብዙዎች የሚሰናከሉት ግን በሌላ ነገር ነው። ቀጣሪው «ፈቃድ አምጣና እቀጥርሃለሁ» ይላል፤ ኢሚግሬሽኑ ደግሞ «የቀጣሪ ደብዳቤ አምጣ» ይላል። እንቁላልና ዶሮ ነው። አዙሪቱ የሚሰበረው ቅጥሩ በፈቃዱ መገኘት ላይ የተመሠረተ መሆኑን በግልጽ የሚጽፍ የቅጥር ደብዳቤ ከቀጣሪው ሲገኝ ነው። ክላስ ኤም በነጻ መሆኑን ጨርሰው የማያውቁ የሰው ኃይል ኃላፊዎች ብዙ ስለሆኑ፣ ይህን በአንድ ገጽ አጠር አድርጎ ከማመልከቻው ጋር ማያያዝ ከአሥር ሲቪ ይበልጣል። እንደ ኪቱዎ ቻ ሼሪያና የኬንያ የስደተኞች ኮንሶርቲየም ያሉ ድርጅቶች ለስደተኞች የሕግ ምክር በነጻ ይሰጣሉ።

ሁለተኛው ጥያቄ ዲግሪው ነው። ኬንያ ውስጥ የተማረ ሰው ይህን ክፍል ሊዘለው ይችላል። ከኢትዮጵያ ተመርቆ የመጣ ግን ጣጣው የሚጀምረው አገር ቤት ነው። ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የወጣ ተመራቂ የወጪ መጋራቱን ወይም ሰው ሁሉ እንደሚለው ኮስት ሼሪንጉን ሳይከፍል ኦርጅናሉን ዲግሪ አይረከብም፤ በእጁ ያለው ቴምፖራሪውና ስቱደንት ኮፒው ነው። ለአዲስ አበባ ቀጣሪ ቴምፖራሪ ለጊዜው ይበቃል። ናይሮቢ ላይ ግን የውጭ ዲግሪን ከኬንያው ጋር የሚያመሳክረው የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ኮሚሽን የሚፈልገው ዲግሪውንና ሙሉ ትራንስክሪፕቱን ነው። ስለዚህ ወደ ናይሮቢ የሚያስብ ተመራቂ ከትኬቱ በፊት ዕዳውን ዘግቶ ኦርጅናሉን ማውጣት፣ በትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣንና በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ማረጋገጥ ይኖርበታል። ከናይሮቢ ሆኖ በዘመድ ውክልና ይህን መጨረስ ይቻላል፤ ግን ስንት ሪጅስትራር ቢሮ በር ላይ እንደሚያስቆም የሞከረው ያውቀዋል።

ቀጥሎ ስም ይመጣል። የኢትዮጵያ ስም የራስ፣ የአባትና የአያት ነው፤ የኬንያ ፎርም የቤተሰብ ስም ይጠይቃል። በአንዱ ፎርም የአያቱን፣ በሌላው የአባቱን የቤተሰብ ስም አድርጎ የሞላ ሰው በመዝገብ ላይ ሁለት ሰው ይሆናል። የእንግሊዝኛው አጻጻፍ ሲጨመርበት ይብሳል፤ ጸጋዬ የተባለ ሰው ፓስፖርቱ ላይ በአንድ ዓይነት፣ ዲግሪው ላይ በሌላ ዓይነት ፊደል መገኘቱ የተለመደ ነው። ፓስፖርቱ ላይ ያለውን አጻጻፍ ዋና አድርጎ ሌላውን ሁሉ ከእሱ ጋር ማስማማት፣ የማይስማማ ሲኖርም በውልና ማስረጃ የጸደቀ ማረጋገጫ መያዝ ይሻላል። ዘመን አቆጣጠርም እንዲሁ ነው። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. የተመረቀ ሰው በኬንያ አቆጣጠር የተመረቀው በጁላይ 2023 ነው። የአገር ቤቱ የሥራ ልምድ ደብዳቤ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ተጽፎ ሲቪው በፈረንጆች ከሆነ፣ አንባቢው የሚያየው ተመራቂው ከመመረቁ ከስምንት ዓመት በፊት የጀመረውን ሥራ ነው። ይህ ያስቃል፤ ሲቪውን ወደ ጎን ያስቀመጠው ሰው ግን ስልክ ደውሎ ምክንያቱን አይጠይቅም።

ውጤትም ትርጉም ይፈልጋል። የኬንያ ዩኒቨርሲቲ ዲግሪውን በማዕረግ ይከፍለዋል፦ ፈርስት ክላስ፣ አፐር ሰከንድ፣ ሎወር ሰከንድ፣ ፓስ። ብዙ የባንክና የአማካሪ ድርጅት ማስታወቂያ «ከአፐር ሰከንድ ያላነሰ» ይላል፤ አንዳንዱም የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ፈተናውን አማካይ ውጤት ይጠይቃል። ከ4.00 የተሰላ ውጤት ብቻውን ለዚያ አንባቢ ምንም አይነግረውም። «3.50 ከ4.00» ብሎ ጽፎ፣ በማዕረግ የተመረቀ ከሆነም ማዕረጉን ጎኑ ላይ ማስፈር ይገባል። ፈቃድ የሚያስፈልጋቸው ሙያዎች ደግሞ ከዲግሪ በላይ በር አላቸው፤ መሐንዲስ በኬንያ የመሐንዲሶች ቦርድ፣ ነርስ በኬንያ የነርሶች ምክር ቤት ሳይመዘገቡ በሙያው ስም መሥራት አይችሉም። በሒሳብ ሥራ ደግሞ ቀጣሪው ከዲግሪው ይልቅ የኬንያውን የሒሳብ ሙያ ፈታኝ አካል የካስኔብን የሲፒኤ ፈተና ደረጃ ነው የሚያየው። ወጣቱ ዓለም አቀፉን ኤሲሲኤ ከጀመረ አዲስ አበባም ናይሮቢም ይሠራለታል።

ወረቀቱ መልክ ከያዘ በኋላ ጥያቄው የት ይፈለግ የሚለው ነው። እንደ ብራይተርመንደይና ፉዙ ያሉ የኬንያ የሥራ ገጾች ላይ የሚወጣው አብዛኛው ሥራ ኬንያዊን ታሳቢ ያደረገ ነው። ለኢትዮጵያዊ ተመራቂ የሚያዋጣው ከኬንያ መንግሥት ጋር የመቀመጫ ስምምነት ያላቸው ዓለም አቀፍና ክልላዊ ተቋማት ናቸው፤ የሠራተኞቻቸው ፈቃድ በዚያ ስምምነት ስለሚስተናገድ የክላስ ዲው ድካም የለም። ናይሮቢ በዚህ ሀብታም ናት። ጊጊሪ ላይ የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራምና የሰፈራ ፕሮግራም ዋና መሥሪያ ቤት አለ። ዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ1994 የተፈጠረው የናይሮቢው የእንስሳት በሽታ ላቦራቶሪና የአዲስ አበባው የእንስሳት ማዕከል ተዋሕደው ነው፤ እስከ ዛሬም በሁለቱም ከተሞች ግቢ አለው። ለእንስሳት ሕክምና፣ ለግብርናና ለስታቲስቲክስ ተመራቂ ከዚህ የቀረበ ቤት የለም። ናይሮቢ አጠገብ ንጎንግ ላይ የኢጋድ የአየር ንብረት ማዕከል አለ። ኢትዮጵያ የኢጋድ አባል ስለሆነች እዚያ ኢትዮጵያዊነት ዕንቅፋት መሆኑ ቀርቶ መስፈርት ይሆናል። ሚቲዎሮሎጂ፣ ጂአይኤስ ወይም የውኃ ሀብት የተማረ ወጣት የማዕከሉን የሥራ ማስታወቂያ ገጽ በየሳምንቱ መክፈት አለበት።

በእነዚህ ተቋማት የመጀመሪያው ደረጃ ልምምድ ነው፤ ልምምዱ ደግሞ ሰዓት አለው። የተባበሩት መንግሥታት ጽሕፈት ቤት ተለማማጅ የሚቀበለው በመጨረሻ ዓመት ላይ ያለን፣ በድኅረ ምረቃ የሚማርን፣ ወይም በቅርቡ የተመረቀውን ነው። «መጀመሪያ ልረፍ» ብሎ ብዙ የቆየ ተመራቂ በሩ ተዘግቶ ሊያገኘው ይችላል። ልምምዱ ክፍያ የለውም፤ በናይሮቢ የቤት ኪራይ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፣ ዘመድ ዘንድ ማረፊያ የሌለው ብዙ ጊዜ ማመልከቻውን ይተወዋል። አበል ያለው የተባበሩት መንግሥታት በጎ ፈቃደኝነት ነው፤ የወጣቶቹ ምድብ ከ18 እስከ 26 ዓመት ላሉ ነው። የወጣት ባለሙያዎች ፕሮግራሙ ደግሞ ዕድሜው ከ32 ያልበለጠ ሰው በፈተና የሚገባበት ሲሆን፣ ተሳታፊ አገሮች በየዓመቱ ስለሚለዋወጡ ኢትዮጵያ በዝርዝሩ መኖሯ በየዓመቱ ይታያል።

የግሉ ዘርፍ በር የሚከፈተው በቋንቋ ነው። ሳፋሪኮም እ.ኤ.አ. በ2021 የኢትዮጵያን የቴሌኮም ፈቃድ አግኝቶ በ2022 ሥራ ጀምሯል፤ ኤምፔሳ በ2023 ተከትሎታል። የኢትዮጵያ ፓርላማ በ2024 መጨረሻ የባንኩን ዘርፍ ለውጭ ባለሀብት የሚከፍተውን ሕግ ካጸደቀ ወዲህ የናይሮቢ ባንኮችና አማካሪዎች ዓይናቸው ወደ ሰሜን ነው። አማርኛና አፋን ኦሮሞ የሚጽፍ፣ የኢትዮጵያን የታክስና የንግድ ፈቃድ አሠራር የሚያውቅ ወጣት እዚያ ከኬንያዊው ጋር አይወዳደርም፤ ኬንያዊው የሌለውን ይዞ ይቀርባል። ግን ይህ ሲቪው ላይ መታየት አለበት። «ቋንቋ፦ አማርኛ፣ እንግሊዝኛ» ብሎ ታች ላይ መጻፍ አይበቃም፤ አማርኛ ሰነድ ወደ እንግሊዝኛ መልሶ፣ የአዲስ አበባን ገበያ ዋጋ ሰብስቦ፣ ለደንበኛ በስልክ አስረድቶ ከሆነ ሥራው ራሱ ይጻፍ። ስዋሂሊ ሳይችሉ መሥራት ይቻላል። ሳይችሉ መላመድ ግን አይቻልም፤ ቃለ መጠይቁ በእንግሊዝኛ ቢሆንም የቢሮው ወሬ፣ የማታቱው (የሚኒባስ ታክሲው) ድርድርና የመስክ ሥራው በስዋሂሊ ነው።

የወገን መረብም ዋጋ አለው፤ ልኩን ማወቅ ግን ያስፈልጋል። ኢስሊ ሐበሾች ለረጅም ጊዜ የኖሩበት ሰፈር ነው፤ የሸቀጥ ንግዱ፣ ምግብ ቤቱና የትራንስፖርት ሥራው በትውውቅ ሰው ይቀጥራል። በሁርሊንግሃምና በኪሊማኒ ያሉ የሐበሻ ምግብ ቤቶችም እንዲሁ። ይህ ሥራ ኪራይ ይከፍላል፤ ለወደፊት ሲቪ የሚሆነው ግን የኮንትራትና የምስክር ወረቀት ካለው ነው። የኬንያ ሲቪ በመጨረሻው ላይ ብዙ ጊዜ ሦስት ምስክሮች ይጠይቃል፣ ቀጣሪውም ይደውላል። ስለዚህ ዕቃ ቆጠራ የሠራም ሆነ ሒሳብ የያዘ፣ ሲለቅ አለቃውን አስፈቅዶ ስሙንና ስልኩን ይዞ ቢወጣ ይጠቅመዋል።

ገንዘብ ለሥራ የሚጠይቅ ሁሉ መጠርጠር አለበት፤ የተባበሩት መንግሥታት ለማመልከቻም ለቃለ መጠይቅም ክፍያ አይጠይቅም። ይህ ማጭበርበር አዲስ አይደለም። አዲሱ በቴሌግራም የሚመጣው የእስያ «የደንበኞች አገልግሎት» ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ በማይናማርና በታይላንድ ድንበር ካሉ የማጭበርበሪያ ግቢዎች፣ በእንዲህ ዓይነት ጥሪ ተታለው ከገቡት፣ ከወጡት የውጭ ዜጎች መካከል ኢትዮጵያውያንና ኬንያውያን ነበሩ።

ቅጥሩ ሲሳካ ኮንትራቱ ይነበባል። በኬንያ የ2007ቱ የሥራ ቅጥር ሕግ ሦስት ወርና ከዚያ በላይ የሚቆይ ቅጥር በጽሑፍ መሆን አለበት፤ የሙከራ ጊዜ ከስድስት ወር አይበልጥም፣ ሠራተኛው ሲስማማ ብቻ እስከ አንድ ዓመት ይራዘማል። ማስታወቂያው ላይ ያለው ደመወዝ ጥቅል ነው፤ ከእሱ ላይ የገቢ ግብር፣ 2.75 በመቶ የጤና መድን፣ 1.5 በመቶ የቤት ልማት መዋጮና የማኅበራዊ ዋስትናው ድርሻ ይቀነሳሉ። ግብሩ በአግባቡ እንዲገባ ሠራተኛው በኬንያ ገቢዎች ባለሥልጣን የራሱን የግብር መለያ ቁጥር (ፒን) ያወጣል። ክላስ ዲ በአንድ ቀጣሪ ስም የተሰጠ ስለሆነ፣ የተሻለ ሥራ ያገኘ ሰው የቀድሞውን ከመልቀቁ በፊት አዲሱ ቀጣሪ አዲስ ፈቃድ ማመልከት አለበት።