ያገለገለ ባጃጅና የተጣለው ኮቨር

ቡሬ ስል የጎጃሟን ማለቴ አይደለም። ከመቱ ተነስቶ በጎሬ በኩል ወደ ጋምቤላ ለሚሄድ ሰው፣ ደጋው አልቆ ቁልቁለቱ ሊጀምር ሲል የምትገኘውን የኢሉባቡሯን ቡሬ ነው። እዚህ ቡና ተለቅሞ ገንዘብ እጅ ሲገባ፣ ከቆርቆሮ ቤትና ከሠርግ ቀጥሎ ሰው የሚያስበው ባጃጅ ነው። አዲሱ አይቀመስም። ስለዚህ ሌላ ከተማ ሲሠራ የከረመ፣ ሸራው የተቀዳደደ፣ ኪሎ ሜትር ቆጣሪው ድሮ የቆመ ባጃጅ ተገዝቶ ይመጣል። ብዙም ሳይቆይ ጋራዥ ይገባል። ከዚያ "ባጃጅ ደግሞ ዕቃ ነው እንዴ!" ይባላል።

ዕቃ ነው። የናቁት ሁሉ ቸግሯቸው ሲጠሩት አይቻለሁ። አዲስ አበባ የካቲት 2015 ዓ.ም. ባጃጅን ለጊዜው ስታግድ፣ ስንት ሰው ከዋናው መንገድ እስከ ደጁ በእሱ ይመላለስ እንደነበረ ያን ጊዜ ታወቀ። በእኛ አገር ደግሞ ነፍሰ ጡሯን ከገጠር ቀበሌ ጤና ጣቢያ የሚያደርሳት፣ ጆንያ ቡናውን መፈልፈያ ድረስ የሚወስደው እሱ ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው፤ ሦስት ጎማ፣ አንድ ሲሊንደር፣ ከሹፌሩ ጋር አራት ሰው። ፍሪሲዮንና ማርሹ በግራ እጅ፣ ነዳጁ በቀኝ፣ ፍሬኑ በእግር። አሁን የሚበዛው ባለአራት ስትሮክ ሲሆን የሞተሩ መጠን 200 ሲሲ ገደማ ነው። ይህን የማያውቅ ስለሌለ እንለፈው።

ብዙዎች የማያውቁት አሮጌ ባጃጅ የሚሞተው በዕድሜ ሳይሆን ተቃጥሎ መሆኑን ነው። መኪና ራዲያተር አለው፤ ውሃ እየዞረ ያበርደዋል። የሞተር ሳይክል ሞተር ፊት ለፊት ተገልጦ ስለሚሄድ ነፋሱ ይበቃዋል። ባጃጅ ሁለቱም የሉትም። ሞተሩ ከተሳፋሪው ወንበር ኋላ ተዘግቶበት ነው የሚቀመጠው፤ የቱንም ያህል ቢሮጥ ደህና ነፋስ አይደርሰውም።

ለዚህ መላ ያበጀው ጣልያናዊው የአውሮፕላን መሐንዲስ ኮራዲኖ ዳስካኒዮ ነው። በ1946 እ.ኤ.አ. ለፒያጆ ኩባንያ ቬስፓን ሲሠራ፣ የነጂው ልብስ በዘይት እንዳይበላሽ ሞተሩን በቆርቆሮ ሸፈነው። የተሸፈነው ሞተር እንዳይቃጠል ደግሞ ከራሱ ከሞተሩ ጋር አብሮ የሚዞር ማራገቢያ ገጠመለት። ከሁለት ዓመት በኋላ አፔ የምትባለው ባለሦስት ጎማ ከቬስፓ ወጣች። የሕንዱ ባጃጅ ኩባንያም ስኩተርና ባለሦስት ጎማ መሥራት የጀመረው በፒያጆ ፈቃድ ነበር። ቡሬ ገበያ ላይ ተራ ይዞ የቆመው ባጃጅ ሆድ ውስጥ የሚዞረው ያው የዳስካኒዮ ማራገቢያ ነው። ቮልስ የነዳ ሰውም ነገሩ አይጠፋውም፤ የእሱም ሞተር ኋላ ተቀምጦ በማራገቢያ የሚበርድ ነበር።

ማራገቢያው ብቻውን ግን ዋጋ የለውም። ሲሊንደሩን ዙሪያውን የከበቡት የብረት ሽንሽኖች አሉ፤ ሙቀቱ ከሲሊንደሩ ወጥቶ ወደ አየር የሚሄደው በእነሱ በኩል ነው። አየር ደግሞ ሰነፍ ነው፤ ሰፊ መንገድ ካገኘ በጠባቡ አይገባም። በሽንሽኖቹ መሃል ተጨንቆ እንዲያልፍ የሚያስገድደው በላዩ የሚገጠመው ኮቨር ነው። ማራገቢያው የሳበውን አየር ተቀብሎ፣ በሲሊንደሩና በቴስታታው ዙሪያ መርቶ፣ ሲሞቅ በታች ያስወጣዋል። ኮቨሩ ከወለቀ ማራገቢያው መዞሩን አይተውም፤ ነፋሱ ግን ሜዳ ላይ ይበተናል።

እንግዲህ ከአስር አሮጌ ባጃጅ ስንቱ ይህ ኮቨር እንደሌለው ባትጠይቁኝ ይሻላል። የኮብልስቶኑና የጠጠሩ መንገድ ብሎኑን ያላላዋል፤ መንቀጥቀጥ ይጀምራል፤ መካኒኩ ድምፁ ስለሰለቸው ይፈታዋል። ወይም ካንዴላ ሊቀይር አውልቆት መመለሱ ያታክተዋል። አንድ ጋራዥ ውስጥ እንዲህ የተፈታ ኮቨር ጥግ ላይ አይቼ ባለሙያውን ጠየቅሁት።

"ጋሼ፣ ሞተሩ ይተንፍስ ብዬ ነው እኮ! ታፍኖ ነው ሲሞቅ የኖረው።"

ልጁ እጁ ጥሩ ነው፤ ቫልቭ ሲያስተካክል ጆሮው አይስትም። ይህን ግን ከአለቃው ሰምቶ፣ አለቃውም ከአለቃው ሰምቶ ነው የመጣው። ክርክር ከማበዛ ባዶውን የሲጋራ ወረቀት ከኪሱ ተቀብዬ ቀደድኩት። ኮቨሩን መልሰን ገጥመን ሞተሩን አስነስተን ቁራጩን በታች ካለው መውጫ አጠገብ ስይዘው ነፋሱ ወደ ውጭ ገፍቶ ያርገበግበዋል። ኮቨሩን ፈትተን እዚያው ቦታ ብንይዘው ዝም። ምንም አላለኝም፤ ብሎን ፍለጋ ወደ ሣጥኑ ሄደ።

ኮቨሩ ቢኖርም ኢሉባቡር ሌላ ጣጣ አለባት። ጎሬና አካባቢዋ በአገራችን ዝናብ ከሚበዛባቸው ቦታዎች ይመደባሉ፤ አፈሩ ቀይ ነው፤ ክረምት ላይ ጎማው የሚረጨው ጭቃ እስከ ሞተሩ ይደርሳል። ከጓርኒሲዮኑ የምታዠው ዘይት ከጭቃው ጋር ተቦክታ በሽንሽኖቹ መሃል ትጋገራለች። ኮቨሩን ስትፈቱ ሽንሽን ይኖራል ባላችሁበት ቦታ ለስላሳ ቡናማ ግድግዳ ታገኛላችሁ። በካቻቪቴ አትፈልፍሉት፤ አሉሚኒየሙ ይሰበራል። ቀዝቃዛ ሞተር ላይ ነጭ ጋዝ ቀብቶ ማሳደር፣ ጠዋት በቀርከሃ ስንጥር እየጎረጎሩ በብሩሽ ማጽዳት ነው። ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ ገንዘብ ግን አይጠይቅም።

ወንዝ ዳር የሚያጥቡት ሹፌሮች ደግሞ ትዕግሥቴን ያስጨርሱኛል። ዳገት ወጥቶ የመጣ፣ እንደ ምጣድ የጋለ ሞተር ላይ በባልዲ ቀዝቃዛ ውሃ! ቴስታታው ይጣመማል፣ ሲብስም ይሰነጠቃል። ከዚያ "ፋብሪካው ነው" ይላሉ። ለሦስት ተሳፋሪ የተሠራውን አምስትና ስድስት ሰው ጭኖ፣ በላዩ ጆንያ አስሮ በአንደኛ ማርሽ ዳገት የሚያስጮኸውም ያው ሰው ነው።

ሌላው በሽታ ሞተር አጥፍቶ ቁልቁለት መውረድ ነው፤ ለነዳጅ ቁጠባ ተብሎ። ጎሬ ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ጋምቤላ 500 ሜትር ገደማ ላይ። የእኛ ሰው ቁልቁለት አያጣም ማለት ነው። ሞተሩ ሲጠፋ ግን ማራገቢያውም አብሮ ይቆማል፤ ገና ከዳገት የወጣ ሞተር የሚያበርደው ነገር አጥቶ እንደጋለ ይቀራል። በዚያ ላይ ሸክሙ ሁሉ በፍሬን ሸራው ላይ ብቻ ይወድቃል፤ የጋለ ሸራ አይይዝም። ልማዱ ያለምክንያት እንዳልመጣ እገምታለሁ። በድሮዎቹ ባለሁለት ስትሮኮች ሞተሩን የሚያለሰልሰው ዘይት ከቤንዚኑ ጋር ነበር የሚገባው፤ ነዳጁን ዘግቶ በማርሽ ረጅም ቁልቁለት መውረድ ሞተሩን ዘይት ያስርበው ነበር። ባለአራት ስትሮኩ ዘይቱን በራሱ ሆድ ይዟል፤ ይህ አይመለከተውም። በሦስተኛ ወይም በሁለተኛ ማርሽ፣ ሞተሩን ሳያጠፉ መውረድ ነው።

ስለቀረው ብዙ አልልም። ዘይት በጊዜው ይቀየር፤ መጨመር መቀየር አይደለም። በሃይላንድ ከመንገድ ዳር የሚገዛ ቤንዚን ውሃና ቆሻሻ አያጣውም፤ በጨርቅ አጣሩት። ካርቡራተር ሲደፈን ቀዳዳውን በሽቦ አትጎርጉሩ፤ ከሰፋ ነዳጅ እየጠጣ ይኖራል። በአየር ይነፋ።

ልትገዙ ስትሄዱ ሳትደውሉ ሂዱ። ሻጭ መምጣታችሁን ካወቀ አስቀድሞ ሞተሩን ያሞቀዋል፤ ሙቅ ሞተር ደግሞ አመሉን ይደብቃል። እጃችሁን አስደግፉት፤ ቀዝቃዛ ከሆነ አስነሱትና ጭሱን እዩ። ሰማያዊ ጭስ ከወጣ ዘይት እየበላ ነው፤ ምናልባት ፋሻው አልቋል። ከዚያ ቢያንስ አንድ ደህና ዳገት ሰው ጭናችሁ ውጡበት። ጀምሮ ደህና ሄዶ መሃል ላይ የሚደክም፣ ቁልፉ ከተዘጋ በኋላም ትንሽ የሚንጣጣ ከሆነ ሲቃጠል የኖረ ነው። በስልካችሁ መብራት ኋላውን አይታችሁ ኮቨሩን ፈልጉ። ከሌለ ዋጋው ላይ ተከራከሩ፤ ብቻውን መለዋወጫ ሱቅ ሁልጊዜ አይገኝም፣ ብዙ ጊዜ ከፈረሰ ባጃጅ ነው የሚለቀመው። የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር አስተያዩ። ሊብሬው በሻጩ ስም ካልሆነ፣ ኮቨሩ አዲስ ቢሆንም ወደ ቤታችሁ ተመለሱ።